ከእንጦጦ እስከ አባ ሳሙኤል፦ አምስት ቀን በአዲስ አበባ ዳር ዳር

ኅዳር 9፣ እንጦጦ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሽሮ ሜዳ ተነሳን። አብራኝ ያለችው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዬ ናት። የመመረቂያ ሥራዋ በአዲስ አበባ የውሃ መስመሮች ታሪክ ላይ ነው። እኔ በአርክቴክቸር ትምህርት ቤት የከተማ ታሪክ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ተማሪዎቼን ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ለገሃር ይዤ ዞሬያለሁ። የአርመን ቤቶችን በረንዳ አስለክቻለሁ። የድሮ ደረጃ አስቆጥሬያለሁ።

አሁን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ይህ ከተማ በምን ኖረ? ውሃው ከየት መጣ? ማገዶውስ? ድንጋዩስ? ቆሻሻውን የት አደረሰው? የሁሉም መልስ ያለው ዳር ነው። ስለዚህ አምስት ቀን ዳር ዳሩን ልንዞር ወሰንን። እንደተገኘው በታክሲ፣ በባጃጅ፣ በእግር።

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲወጣ እናቶች በጀርባቸው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ አዝለው ይወርዱ ነበር። ሸክሙ ከቁመታቸው ይበልጣል። ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት፣ ዓይናቸው መሬት ላይ። ማርያም አካባቢ ወርደን አንዲት እናት ድንጋይ ላይ ሸክማቸውን አስደግፈው ሲያርፉ አገኘን። ተማሪዬ ቀርባ "እማማ፣ እንደምን አደሩ? ይሄን የት ነው የሚያደርሱት?" አለቻቸው።

"ታች ነው ልጄ። እንጀራ ለሚጋግሩ።"

"ስንት ጊዜ ይወጣሉ በሳምንት?"

"ጉልበት እንደሰጠኝ።" ሳቁ። ገመዳቸውን አጥብቀው ተነሱ። ከኋላ ሆና ሸክሙን ደግፋ ያነሳችላቸው ተማሪዬ ናት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

የምኒልክ የእንጦጦ ቤተ መንግሥት ከማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚችው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ በ1882 ዓ.ም.። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው ቤተ መንግሥት ሲባል ሌላ ነገር ጠብቆ ይመጣል። ግድግዳው ጭቃ ነው። ውስጡ እንጨት፣ ማገርና ጭድ። ከአያቶቻችን ቤት የሚለየው በስፋቱና በአሠራሩ ጥንቃቄ ነው። እኔ ይህን ቤት እወደዋለሁ። አዲስ አበባ ከጭቃና ከእንጨት እንደተነሳች ሳይደብቅ ይናገራል።

ከዚህ ተራራ ለምን ወረዱ? ብርዱ ከባድ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ውሃና ማገዶም አነሰ። ታች ፍልውሃ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። 1879 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሜዳው ግን ስም አልባ አልነበረም። ፊንፊኔ ይባል ነበር። ጉለሌና ገላን ዛሬ የሰፈርና የከተማ ስም ሆነው እንጠራቸዋለን። በዚህ ምድር ከከተማው በፊት የኖሩ የኦሮሞ ጎሳዎች ስም ናቸው።

ከተማው ከወረደ በኋላም የማገዶው ነገር አልቀረም። በዙሪያው ያለው ጥድ ተቆርጦ አለቀ። በዚያ ዘመን እንጨት ባለቀ ቁጥር ሰፈር ማንሳት የተለመደ ነበር። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ከጦር ሰፈር የመጣ ነው። ሰፈሩ ይነሳል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል። አዲስ አበባም እንደዚያው ልትነሳ ተቃርባ ነበር። ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል። ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማው በገዛ ማገዶው መኖር ቻለ።

ባሕር ዛፍን የሚወቅሱ ሰዎች አሉ። ውሃ ይመጥጣል፣ ሥሩም ሌላ ተክል አያበቅልም ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬም ሃያ ፎቅ በሚገነባበት ከተማ፣ ብዙ ሕንፃ አጣና ተደግፎ ነው የሚወጣው። የባሕር ዛፍ አጣና። ግንበኛው በእሱ ላይ ይቆማል። እኔ ይህን ዛፍ ከከተማው መሠረተ ልማቶች አንዱ አድርጌ ነው የማስተምረው። እንደ መንገድ፣ እንደ ቧንቧ።

የቧንቧ ነገር ከተነሳ፣ የመጀመሪያው የቧንቧ ውሃ የወረደው ከዚሁ ተራራ ነው። በ1880ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር ምንጭ ጠልፎ ታች ወዳለው ግቢ አስገባው። ውሃ በብረት ውስጥ ሄዶ ዳገት መውጣቱ የዘመኑን ሰው በጣም አስገርሟል።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዬ ቋጥኝ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን አወጣች። ፕላን ልትነድፍ ነበር። "ዛሬ ፕላን ይቅር። ሴክሽን አድርጊው" አልኳት። ሴክሽን ቦታውን በጎን ቆርጦ የሚያሳይ ንድፍ ነው። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ድረስ አንድ መስመር። ውድቀቱ ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። ከተማውን ከላይ ካየነው ሰፈርና መንገድ ነው የሚታየን። በጎን ስንቆርጠው ግን ውሃ ከየት ተነስቶ፣ በማን ደጅ አልፎ፣ ምን ሆኖ የት እንደሚደርስ ይታያል። ረጅም ወረቀት አጣብቃ ጀመረች። በአምስቱ ቀን እየሞላን ልንሄድ ተስማማን።

ኅዳር 10፣ ገፈርሳና አዲስ ዓለም

ለዛሬ መኪና ተከራየን። በአስኮ ወጥተን በቡራዩ በኩል የአምቦን መንገድ ያዝን። ቡራዩ የት ጋ እንደጀመረ፣ አዲስ አበባ የት ጋ እንዳበቃች ሾፌራችንም መለየት አልቻለም። ሱቁ ከሱቅ ጋር ተያይዟል። ብሎኬት የሚመታበት፣ ፌሮ የሚሸጥበት፣ በር የሚበየድበት። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ኮዬ ፈጬ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል አንድ ላይ ተዋቅረዋል። ከተማውን የከበበ ከተማ ማለት ነው።

ገፈርሳ ግድብ ስንደርስ ጸጥ አለ። ዝይ የሚመስሉ ወፎች ውሃው ዳር ይለቅማሉ። ግድቡ የተሠራው በ1930ዎቹ ነው። ያን ጊዜ ከከተማ የራቀ ቦታ ነበር። ዛሬ ኮረብታው ላይ ቆመን ስናይ ቆርቆሮ ጣሪያ በሦስት አቅጣጫ ይታያል። የውሃ ግድብ ሲሠራ ዙሪያው ባዶ እንደሆነ ይቀራል ተብሎ ይታሰባል። ሰው ግን መንገድ ባለበት ይሰፍራል። ወደ ግድቡ ደግሞ መንገድ አለ።

ከዚያ መናገሻን፣ ሆለታን አልፈን አዲስ ዓለም ገባን። ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለጥናታችን ሩቅ ነው ብላኝ ነበር ተማሪዬ። እኔ ግን ማየት አለብሽ አልኳት። ምክንያቱም ዋና ከተማ ሊሆን ደርሶ የቀረ ቦታ ነው።

ማገዶ ሲያንስ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ነበር። ቤተ መንግሥት ማሠራት ተጀመረ። ስሙም አዲስ ዓለም ተባለ። ከአዲስ አበባ እስከዚህ መንገድ ተሠራ። በአገሪቱ ለመኪና እንዲሆን ታስበው ከተሠሩ የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ነው። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ያስመጣውም በዚያው ዘመን ነው። ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ብሎታል። በኋላ ሐሳቡ ቀረ። አዲስ አበባ ባለችበት ጸናች። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አንድ ቄስ አስጎበኙን። ለኅዳር ጽዮን ዝግጅት ላይ ነበሩ፤ ኅዳር 21 ሕዝብ ይጎርፋል። "እዚህ ነበር ከተማው ሊሆን የነበረው" አሉን፣ እጃቸውን ወደ ገበያው እየዘረጉ። ቁጭት የለባቸውም። እንዲያውም ደስ ያላቸው ይመስለኛል። ከግቢው በታች የጤፍ ማሳው ወርቅ መስሎ ነበር። አጨዳ ተጀምሯል።

ዋና ከተማው ቀርቶ መንገዱ ግን አልቀረም። ዛሬ እስከ አምቦ፣ እስከ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ሆኗል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ስንት ከተማ እንደበቀለ ዛሬ ስንመጣ አየን። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር ነው። ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል። መንገድ ግን አንዴ ከተዘረጋ ከስፍራው ለመንቀል በጣም ከባድ ነው። የዘረጋው ሰው ካሰበው በላይ ይኖራል።

ኅዳር 11፣ ለገዳዲ

አጭር ቀን ነበር። ከአያት በሃይገር ወጥተን በለገጣፎ በኩል ለገዳዲ ደረስን። ወደ ግድቡ መግባት አልተፈቀደልንም። ፈቃዱ ገና አልደረሰም ነበር። ከአጥር ውጭ ሆነን አየን።

ግድቡ ሥራ የጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። እንደ ገፈርሳ ያለው ትንሽ ግድብ አልበቃ ሲል የመጣ ነው። እሱም አልበቃ ብሎ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድሬ ግድብ ተጨመረ። በ1976ቱ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ደርሷል። በሃያ ሦስት ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላ ቆጠራ አልተካሄደም። ምን ያህል ሕዝብ እንዳለ በቅጡ ሳንቆጥር ውሃ እንከፋፈላለን።

ተማሪዬ ሰበታ ነው ያደገችው። አማርኛውንም አፋን ኦሮሞውንም እኩል ትናገራለች። "ፕሮፍ፣ ለገዳዲ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?" አለችኝ። "ለገ ወንዝ ነው። ዳዲ ጠጅ። የጠጅ ወንዝ።"

ሃያ ዓመት ይህን ስም ስጽፍ ኖሬያለሁ። ስለ ትርጉሙ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ወንዙን እንዲህ ብለው የሰየሙት ሰዎች ውሃው ለእነሱ ምን እንደነበር በአንድ ቃል ነግረውናል። ተማሪዬ በሴክሽኑ ላይ ስሙን ከነትርጉሙ ጻፈችው።

ስንመለስ አንዲት ልጅ በአህያ አራት ቢጫ ጀሪካን ጭና ስትሄድ አገኘናት። የት ቀዳሽ አልናት። ምንጭ ነው አለች፣ ከኮረብታው ወዲያ። ትልቁ ቧንቧ ከእግራችን ሥር ነበር።

ኅዳር 12፣ ቆሼ፣ አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው። ጠዋት በር ስከፍት ጭሱ ተቀበለኝ። ኅዳር ሲታጠን! በየሰፈሩ ሰው ቆሻሻውን ጠርጎ፣ ሰብስቦ ያቃጥላል። ወጉ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ነው የሚያያዘው። ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በዚያ ኅዳር አዲስ አበባንም ጨረሳት። ቀባሪ ጠፋ። ጭሱ በሽታውን እንዲያባርር ነው የሚታጠነው። እናቴ በዚህ ቀን ማለዳ ተነስታ ደጃችንን ስትጠርግ ትዝ ይለኛል። "ዛሬ ከቤት የሚወጣ ሁሉ ይውጣ" ትል ነበር።

ይወጣል። ግን የት ይሄዳል? ለዚህ ነው ቀኑን ከቆሼ የጀመርነው።

ቆሼ፣ በመደበኛ ስሙ ረጲ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተደፋበት ነው። ሲመረጥ ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው እያደገ ሄዶ ከበበው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንሸራቶ ሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ዓመት ተኩል ሳይሞላው እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ።

ስለዚያ ቀን በክፍል ውስጥ ለመናገር ሞክሬ አውቃለሁ። ይከብደኛል። ያ ቆሻሻ የእኔም ነው። የጣልኩት ነገር ሁሉ እዚያ ነው የሄደው። እነዚያ ቤተሰቦች ከክምሩ ሥር የሰፈሩት ሌላ ቦታ ኪራዩ ስለማይቀመስ ነው። ክምሩ ላይ ወጥቶ ብረትና ፕላስቲክ መልቀም ደግሞ እንጀራቸው ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆምን። ተማሪዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሴክሽኑ ላይ ቦታውን ምልክት አድርገን ሄድን። ብዙ አላወራንም።

ወደ ቃሊቲ የወሰደን የቀለበት መንገዱ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ፕላን አውጪ ፓትሪክ አበርክሮምቢ ለአዲስ አበባ ባዘጋጀው ፕላን ላይ ቀለበት መንገዶችና በዙሪያው የሚቆሙ ትናንሽ ከተሞች ነበሩበት። መንገዱ የተሠራው በ1990ዎቹ ነው፣ በቻይና ተቋራጭ። በመካከሉ ሁለት መንግሥት አልፏል። መንገዱ መኪናውን አፍጥኖለታል። እግረኛውን ግን ለያይቶታል። ከዚህ ወዲያ ያለው ሰፈር ከዚያ ወዲህ ካለው እድርተኛው ጋር ለመገናኘት ድልድይ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። ዛሬ እንኳን ሁለት እናቶች አጥሩን ተሻግረው ሲሮጡ አይተን ልባችን ቆመ።

አቃቂ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። እንደ እኔ አቃቂ ከአዲስ አበባ ዳርቻዎች ሁሉ በታሪክ የበለጸገው ነው። ባቡር አለው፣ ወንዝ አለው፣ ፋብሪካ አለው፣ ገበያ አለው። የጅቡቲው ሐዲድ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ወደ 20 ዓመት ፈጀ። በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነበር። ፋብሪካዎቹ ወደ አቃቂ የመጡት ሐዲዱንና ወንዙን ተከትለው ነው። ጥሬ ዕቃ በባቡር ይገባል፣ ውሃ ከወንዙ ይቀዳል፣ ፍሳሹም ወደ ወንዙ ይመለሳል። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ፣ ጣሊያን ሊወር በተቃረበ ጊዜ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዓለም ድምፃቸውን ያሰሙበት የሬዲዮ ጣቢያም እዚሁ አቃቂ ነበር።

ከድሮው ሐዲድ ጥግ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ አገኘን። ሰላምታ ሰጠን። ቡና አስቀመጡን። ልጅ ሳሉ ለባቡር መንገደኛ በቆሎ እሸት ይሸጡ እንደነበር አጫወቱን። በመስኮት ነው የሚሸጠው። ባቡሩ ሳይነሳ ገንዘቡን መቀበል ነበረባቸው። "አንዳንዱ እሸቱን ይዞ ይሄድብናል። አንዳንዱ ደግሞ መልሱን ሳይቀበል ይሄዳል። በመጨረሻ እኩል ይመጣል" አሉ።

"አዲሱ ባቡርስ አባባ?" አለች ተማሪዬ።

"እሱ እኛን አያየንም ልጄ። ከሩቅ ነው የሚያልፈው።"

እውነታቸውን ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። 752 ኪሎ ሜትር ነው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ። የመንገደኛው ጣቢያ ፉሪ ለቡ ነው። ጭነቱ እንዶዴ ላይ ይራገፋል። የድሮው ባቡር ከተማው መሐል ገብቶ ለገሃርን ሠራ። አዲሱ ዳር ላይ ይቆማል። ይህ በራሱ ስህተት ነው አልልም። ለጭነት ዳሩ ይሻላል። ጣቢያ ሲሠራ ግን እሸት የሚሸጥበት ቦታም አብሮ መታሰብ አለበት። ለገሃርን ለገሃር ያደረገው ከጣቢያው ውጭ ያለው ነገር ነው። ቡና ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ ተሸካሚው፣ ጋሪው።

ከሰዓት በኋላ ወደ አባ ሳሙኤል ወረድን። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የሚገቡበት ሐይቅ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለኤሌክትሪክ ተብሎ የተገደበ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ። ያን ጊዜ ለአዲስ አበባ ትልቅ ብርሃን ነበር። በኋላ ደለልና እምቦጭ ያዘው፣ ማሽኖቹ ቆሙ። ለአሥርት ዓመታት ዝም ካለ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረ።

ከሐይቁ በላይ ወንዙ ዳር አንድ ገበሬ ቆስጣ ሲያጠጣ አገኘነው። በሞተር ፓምፕ ነው የሚስበው። ቆስጣው አረንጓዴ፣ ሰፊ፣ የሚያምር ነው። ውሃው ግን ጠቁሯል። ሽታው ከመንገድ ጀምሮ ነው የተቀበለን።

"ቀለሙ ይቀያየራል። አንዳንድ ቀን ቀይ ሆኖ ይመጣል። ያን ቀን አላጠጣም" አለን።

"የት ነው የምትሸጠው?" አልኩት።

"እናንተው ጋ" አለኝ፣ ወደ ሰሜን እየጠቆመ። እንጦጦ ከሩቅ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። "ሌላ ውሃ ቢኖረኝ ይሄን አልነካም ነበር ጋሼ። ልጆቼም ይሄንኑ ነው የሚበሉት።"

ተማሪዬ ወረቀቷን መሬት ላይ ዘረጋች። ሴክሽኑ ግራ ጫፍ ላይ የእንጦጦ ምንጭ፣ ቀኝ ጫፍ ላይ ይህ ቆስጣ። ከዚያ ከቆስጣው ተነስታ ወደ መሐል ከተማ የሚመለስ ቀስት ሳለች። እኔ የጀመርኩት መስመር ሐይቁ ላይ ያበቃ ነበር። እሷ ግን መልሳ ወደ ምግባችን አገባችው። በዚህ ጥናት ላይ ከተሳሉት ሁሉ ትልቁ ይህ ቀስት ነው ብዬ አምናለሁ።

ኅዳር 13፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ

ቱሉ ዲምቱ ማለት ቀይ ኮረብታ ነው። ይህንን አስቀድሜ ጠየቅኩ። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚህ ነው። አፈሩ በእርግጥም ቀይ ነው። ኮረብታው ግን ግማሹ ተቆርሶ ተወስዷል። ሲኖትራክ ይመላለሳል። ከተማው የሚነጠፍበት አፈርና ጠጠር ከእንዲህ ያለ ካባ ነው የሚወጣው።

ከዚያ በባጃጅ ኮዬ ፈጬ ገባን። ኮንዶሚኒየም እስከ አድማስ ነው። ሕንፃው ከሕንፃው ይመሳሰላል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ጀምሮ፣ መንግሥት ለብዙ ዓመታት ያስተዳደረው የቀበሌ ቤት ነበር። አዲስ ግን ብዙም አልሠራም። ሰው እየበዛ፣ ቤቱ እያረጀ ሄደ። የኮንዶሚኒየሙ ፕሮግራም በ1990ዎቹ ማብቂያ ሲመጣ ለስንቱ ተስፋ እንደነበር አስታውሳለሁ። እህቴ ዕጣ ሲወጣላት ያለቀስነው ለቅሶ ዛሬም አይረሳኝም። ስለዚህ ይህን ሥራ በደፈናው የሚኮንን ሰው ሳይ አልስማማም። በራሱ ስም ቤት ያገኘው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ቤቱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ቧንቧው በኋላ ይመጣል። ደረጃው ሥር ሮቶ ተደርድሮ ቦቴ ይጠበቃል። ውሃ በፈረቃ ነው። የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ የሆኑ እናት ጀሪካን ሲያወጡ አገኘናቸውና አገዝናቸው። መሐል ከተማ ከፈረሰ ሰፈር ነው የመጡት። ቤቱን ይወዱታል። ልጆቻቸው የየራሳቸው ክፍል አላቸው። የሚያስቸግራቸው ሁለት ነገር ነው አሉን። አንደኛው ውሃ። ሁለተኛው እድራቸው። "ጎረቤቶቼ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ ሄደ። ለቅሶ ስሰማ ሦስተኛው ቀን ያልፋል።" እዚህ አዲስ እድር አቋቁመዋል። እሳቸው ገንዘብ ያዥ ናቸው። ደብተሩን አሳዩን። ድንኳንና ወንበርም ገዝተዋል። ድንኳኑ የሚተከልበት ሜዳ ግን መኪና ማቆሚያ ሆኗል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጥበቃ አገኘን። አዛውንት ናቸው። ካፖርት ለብሰው፣ ዱላ ይዘው ከብሎኩ በር ተቀምጠዋል። ተማሪዬ በአፋን ኦሮሞ ሰላም ስትላቸው ፊታቸው በራ። ብድግ ብለው አቀፏት። ከዚያ ሁለቱ ብዙ አወሩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅኩ።

ይህ መሬት የእሳቸው ነበር። ጤፍና ሽምብራ ያርሱበት ነበር። ካሳ ተቀብለዋል። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 የተሰላ ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ በአሥር ተባዝቶ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ ስሌቱም ከፍ ብሏል። እሳቸውን ግን አልደረሳቸውም። የመጀመሪያው ገንዘብ በልጆች ትምህርትና በአንዲት ቤት አለቀ። እሳቸው አሁን ያረሱትን መሬት በወር ደሞዝ ይጠብቃሉ። የአሥር ዓመት ምርት ተከፈላቸው። መሬቱ ግን ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነበር። ይህን የነገረችኝ ተማሪዬ ናት። ስትተረጉምልኝ ድምጿ ይቆራረጥ ነበር።

እኛ አርክቴክቶች አዲስ ሰፈር ስንነድፍ የምንጀምረው ከነጭ ወረቀት ነው። የአካባቢው ካርታ ላይ ከፍታ መስመር አለ፣ ወንዝ አለ። አውድማ የለም። የእገሌ ማሳ የለም። ዋርካው የለም። እኔም እንዲህ ነድፌ አውቃለሁ። በወጣትነቴ በተሳተፍኩበት ሥራ ላይ፣ ነጩ ቦታ ላይ ማን እንዳለ ሳልጠይቅ መስመር አስምሬያለሁ። በዚህ አዝናለሁ። ተማሪዎቼ ይህን እንዳይደግሙ ነው አሁን የምሠራው።

"የት ነበር አውድማዎ?" ብዬ በእሷ በኩል ጠየቅኳቸው።

ተነሱ። ዱላቸውን ይዘው ከፊታችን ሄዱ። በሁለት ብሎክ መካከል አልፈው፣ ሮቶ የተቀመጠበት የሲሚንቶ መደብ ጋ ቆሙ። ዙሪያውን አዩ። ትንሽ ወደ ግራ ሄዱ። "እዚህ" አሉ፣ በአማርኛ። ከዚያ ክቡን በእርምጃ ለኩት። ከመደቡ ተነስተው፣ በቆሙ ሁለት መኪኖች መካከል አልፈው፣ የጥላ ዛፍ ሥር ደርሰው ተመለሱ። ሲዞሩ ይቆጥሩ ነበር።

ተማሪዬ ተንበርክካ ወረቀቱን ዘረጋች። ሴክሽኑ ላይ ቦታውን ፈለገች፣ ከአቃቂ ወንዝ በስተ ምሥራቅ። ትንሽ ክብ አደረገች። በሁለቱም ቋንቋ አውድማ ብላ ጻፈች። ከሥሩ የእርምጃውን ቁጥር። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አዩና ጣታቸውን ክቡ ላይ አደረጉ።

"የዋርካውንም አድርጊው" አሏት። "ከዚህ ወዲያ ነበር። ነይ ላሳይሽ።"